የጋዜጦቻችንን ገጽ ውክፔዲያ ላይ ለመጻፍ፦ ምንጩ ከየት፣ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር?

የደሴዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ዘጠኝ ሆነን በሚመጣው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን በአማርኛ ውክፔዲያ ላይ ስለ አገር ውስጥ ጋዜጦች ልንጽፍ፣ ያሉትንም ገጾች ልናቃና ነው። ጊዜያችን አራት ሰዓት ያህል ነው። ከዘጠኙ ውክፔዲያ ላይ እጃቸውን ያፍታቱት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ለጊዜው የያዝነው ዝርዝር አእምሮ፣ ብርሃንና ሰላም፣ አዲስ ዘመን፣ በኩር፣ ሪፖርተር እና አዲስ አድማስ ነው።

የቸገረን ይህ ነው። ጋዜጣ ስለ ሌላ ጋዜጣ እምብዛም አይጽፍም፤ ታዲያ ምንጭ ከየት ይመጣል? ጋዜጣው ድረ ገጹ ላይ «ስለ እኛ» ብሎ ያሰፈረው ይበቃል? ደግሞ የምሥረታው ዓመት ከጽሑፍ ጽሑፍ ይለያያል፤ አእምሮን አንዱ 1895፣ ሌላው 1902 ይለዋል። ስድስቱን በአንድ ቀን መጨረስስ ይቻላል ወይስ ምኞታችን ሰፋ?

ገጽ_ሁለት፦

ከመጨረሻው ልነሣ፣ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ስለሚንጠለጠል። ስድስት ጋዜጣ ለዘጠኝ ሰው በአራት ሰዓት አይሆንም። ሦስት ጋዜጣ ያዙና ለእያንዳንዱ ሦስት ሰው መድቡ። አንዱ ምንጭ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ዊኪዳታውን (ውክፔዲያዎች ሁሉ የሚጋሩትን የመረጃ ቋት) እየሞላ ቀኖቹን ያመሳክራል። ምንጭ ፍለጋውን ለዕለቱ አታስቀሩት። ከሳምንት በፊት ለእያንዳንዱ ጋዜጣ ቢያንስ ሦስት ምንጭ ተገኝቶ፣ ገጹ ፎቶ ተነሥቶ ወይም ወርዶ መቀመጥ አለበት። አለዚያ ሁለቱ ሰዓት በፍለጋ ያልቃል፣ ሦስተኛው በክርክር።

የአባልነት ነገርም እንዳይረሳ። ከአንድ የኢንተርኔት መስመር በ24 ሰዓት ውስጥ የሚከፈተው አዲስ አባልነት ስድስት ብቻ ነው። ዘጠኛችሁም በአንድ ዋይፋይ ልክፈት ብትሉ ሰባተኛው ላይ ቀጥ ይላል፤ ብዙ ሰው «ድረ ገጹ ተበላሸ» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሰው ቤቱ ሆኖ፣ በራሱ ስልክ፣ ሳምንት ቀደም ብሎ ይክፈት። ሳምንት ያልኩት በምክንያት ነው። ገና ጥቂት ቀን የሆነው አባል ሊንክ ያለበት ማጣቀሻ ሲያስገባ ጠማማ የላቲን ፊደላት አንብቦ እንዲጽፍ ሊጠየቅ ይችላል። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ ይቀይራል፣ ይሳሳታል፣ ደግሞ ይሞክራል። በአንድ ገጽ ላይ ስምንት ማጣቀሻ ላለው ሰው ይህ አሰልቺ ነው። አባልነቱ አራት ቀን ካለፈው በኋላ ጣጣው አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል። የሞባይል ዳታ አድራሻ በብዙ ሰው ስለሚጋራ በማታውቁት ሰው ጥፋት የታገደ ሆኖ ሊገኝም ይችላል። ስለዚህ በዕለቱ የምትጠቀሙበትን መስመር ቀድማችሁ አንድ ትንሽ እርማት በማስቀመጥ ፈትኑት።

አሁን ምንጭ። ምንጭን በሁለት ክፈሉት፤ ገጹ እንዳይሰረዝ የሚያቆመውና ዝርዝሩን የሚሞላው። የሚያቆመው ከጋዜጣው ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለው ሰው ስለ ጋዜጣው በቂ አድርጎ የጻፈው ነው። የኅትመትና የፕሬስ ታሪክ መጻሕፍት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናቶች (ዩኒቨርሲቲው በኢንተርኔት ማከማቻው ያስቀመጣቸው አሉ)፣ የጋዜጠኞች መብት ድርጅቶች ስለ መዘጋትና ስለ ክስ ያወጧቸው ሪፖርቶች እዚህ ይገባሉ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) የቆዩ እትሞችን ራሳቸውን ይዘዋል፤ ከናንተ አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ካለ አንድ ቀን እዚያ ቢውል ከአምስት ቀን ጉግል ይበልጣል።

ዝርዝሩን የሚሞላው ደግሞ እኔ የምወደው የገጽ ሁለት ሳጥን ነው። ጋዜጣውን ግለጡት፤ በአንዱ ጠርዝ አሳታሚው፣ ዋና አዘጋጁ፣ አድራሻው፣ ማተሚያ ቤቱ ተደርድረው ታገኛላችሁ። ለነዚህ ነገሮች ጋዜጣውን ራሱን መጥቀስ ይፈቀዳል። ግን ቀኑን ያዙ። «ዋና አዘጋጁ እገሌ ነው» ብላችሁ ብትተዉት ከሁለት ዓመት በኋላ ሐሰት ይሆናል። «በእገሌ ቀን እትም ላይ በዋና አዘጋጅነት የሰፈረው» ካላችሁ ግን ምን ጊዜም እውነት ነው። የአሳታሚ ስምም ይለወጣል። በኩር በአንድ ዘመን እትም ላይ «አማራ ብዙኃን መገናኛ ድርጅት»፣ በኋለኛው ላይ «አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን» ብታዩ ሁለት አሳታሚ አድርጋችሁ አትጻፉ። ስሙ የተለወጠ አንድ ተቋም ነው።

«ስለ እኛ» ገጹን ለስም፣ ለሚወጣበት ቀንና ለአድራሻ ተጠቀሙበት። «በአገሪቱ ቀዳሚና ተወዳጅ» የሚለውን እዚያው ተዉት። አንቀጹን እንዳለ መቅዳት ደግሞ የቅጂ መብት ጥሰት ነው፣ ገጹን ያሰርዛል። የስርጭት ቁጥር የአሳታሚው ቃል ብቻ ከሆነ «አሳታሚው እንደሚለው» ብላችሁ ከነዓመቱ፤ ዓመት ከሌለው ጭራሽ አታስገቡት።

ሥራው ለምን እንደሚጠቅም ለአዲሶቹ ማስረዳት ካስፈለገ የአሜሪካኖቹን ምሳሌ ስጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በጎ ፈቃደኞች በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ስለ 1,000 የአካባቢ ጋዜጦች ለመጻፍ ዘመቻ ጀምረው ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ «ዴንቨር ጋርዲያን» የተባለ፣ ጋዜጣ የሚመስል ግን የሌለ ድረ ገጽ የፈጠራ ዜና አሰራጭቶ ብዙ ሰው አሳስቷል። አንባቢ የጋዜጣውን ስም ሲፈልግ እውነተኛው ከነታሪኩ ከወጣለት፣ ምንም ያልወጣለትን ይጠረጥራል። እኛ ዘንድም የታወቀ ጋዜጣ ስም ለጥፎ የሚነግድ የፌስቡክ ገጽ ሞልቷል።

ዘመነ_ዮሐንስ፦

የቀኑን ነገር ለኔ ተዉልኝ፤ የአማርኛው ውክፔዲያ የጋዜጣ ገጾች ከምንም በላይ የሚታመሙት በዚህ ነው።

የአእምሮን 1895 እና 1902 ተጣሉ ብላችሁ አትነሡ። 1895 ዓመተ ምሕረት ከሆነ ከ1902/03 እ.ኤ.አ. ጋር አንድ ነው። ስሕተት የሚሆነው አንድ ሰው 1895ን እ.ኤ.አ. ብሎ ሲያስገባው ነው። ያኔ ጋዜጣው ከዓድዋ ጦርነት በፊት ተቋቋመ ሊባል ነው። 1900 የሚሉም አሉ፤ ይህኛው በአቆጣጠር የሚታረቅ ስላልሆነ «ምንጮች ይለያያሉ» ብላችሁ ሁለቱንም ከነማጣቀሻቸው አስፍሩ። እናንተ ዳኛ አትሁኑ። እንድርያስ ካቫድያስ የተባለው ግሪካዊ እንደጀመረው፣ ስሙን ምኒልክ እንዳወጡለት፣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ይሰራጭ እንደነበር ግን በሰፊው ተጽፏል፤ ከዚያ ጀምሩ።

የመቀየሪያው ደንብ አጭር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ሰባት ዓመት ትደምራላችሁ፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን ስምንት። የአዲስ ዘመን የመጀመሪያ እትም ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ጁን 7 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. ይሆናል። ጁን 7 ቀን 1941 ቅዳሜ ይውላል። ይህን ዕለት ለምን አነሣሁት? ጋዜጣ ራሱ ላይ ዕለቱ ይታተማል። ቀኑን ከቀየራችሁ በኋላ ዕለቱን ከጋዜጣው ጋር አስተያዩት፤ ከገጠመ ልክ ናችሁ፣ ካልገጠመ ወይ ስሌቱ ወይ ንባቡ ተሳስቷል። የቆዩ እትሞች ቀናቸውን በግዕዝ አኃዝ ነው የሚያስቀምጡት፤ ፲፱፻፴፫ ብሎ። በደበዘዘ ቅጂ ላይ ፮ እና ፯ በቀላሉ ይምታታሉ፤ ዓይን የሳተውን ዕለቱ ይይዘዋል።

ሦስት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው የወር ስም ነው። የትርጉም መሣሪያዎች «ጁን»ን «ሰኔ» ብለው ይተረጉሙታል። ከእንግሊዝኛው ገጽ «ጁን 7» ተነሥቶ አማርኛው ላይ «ሰኔ 7» ይሆናል። ሰኔ 7 ግን ጁን 14 ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ተንሸራተተ፣ ማንም አላየውም። ስለዚህ የፈረንጁን ቀን ስትጽፉ «ጁን»፣ «ኦክቶበር» እያላችሁ፣ ሰኔንና ጥቅምትን ለራሳችን አቆጣጠር ብቻ አቆዩ።

ሁለተኛው ዓመት ብቻውን ሲገባ ነው። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የማጣቀሻ ቅጽ ላይ «30 ግንቦት 1933» ብትሉ ቀይ የስሕተት መልእክት ያወጣል፤ ጥሩ ነው፣ ያስጠነቅቃል። «1985» ብላችሁ ዓመት ብቻ ብታስገቡ ግን ዝም ብሎ ይቀበላል፣ አንባቢውም 1985 እ.ኤ.አ. ብሎ ያነባል። የፕሬስ ነፃነት አዋጁን እዩ። በእኛ 34/1985 ነው፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች 34/1992። አዋጁ ጥቅምት 11 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ ማለትም ኦክቶበር 21 ቀን 1992 የወጣ አንድ ሕግ ነው። «በ1985 አዋጅ ወጣ፣ በ1992 ሌላ ተከተለ» የሚል አንቀጽ ካያችሁ የዚህ ውጤት ነው። የመገናኛ ብዙኃን አዋጁም 1238/2013 እና 1238/2021 እየተባለ እንዲሁ ነው። ስለ ግል ጋዜጦች ስትጽፉ እነዚህ ሁለት አዋጆች በየገጹ ይመጣሉ፤ ባገኛችኋቸው ቁጥር አቃኑ።

ሦስተኛው ዊኪዳታ ነው። የእኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ የሚቀበለው የግሪጎርያንና የጁልያን ብቻ ነው። ሙሉ ቀን ካላችሁ ቀይራችሁ ፒ571 (P571፣ የተመሠረተበት፤ ዊኪዳታ ለየመረጃው ዓይነት እንዲህ ያለ ቁጥር አለው) ላይ አስገቡ። ያላችሁ «1987 ዓ.ም.» ብቻ ከሆነ ግን ከሴፕቴምበር 1994 እስከ ሴፕቴምበር 1995 የተዘረጋ ነው፤ አንዱን መርጦ መጻፍ ግምት ነው። ዋጋውን በአሥር ዓመት ስፋት «1990ዎቹ» አድርጉና ከሥሩ ፒ1319 (ከዚህ ቀድሞ ያልሆነ) ሴፕቴምበር 1994፣ ፒ1326 (ከዚህ ዘግይቶ ያልሆነ) ሴፕቴምበር 1995 ብላችሁ አያይዙ። የሚቀሩት ቀላል ናቸው፦ ፒ31 (ምንነቱ) ላይ ጋዜጣ፣ ፒ291 የሚታተምበት ከተማ፣ ፒ407 ቋንቋ፣ ፒ123 አሳታሚ፣ ፒ236 ዓለም አቀፍ የመለያ ቁጥሩ ካለ፣ ፒ856 ድረ ገጹ። አዲስ ከመፍጠራችሁ በፊት በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም ስሙን ፈልጉ። ለአንድ ጋዜጣ ሁለት መዝገብ ከተከፈተ የቋንቋ ማያያዣው ይበጠሳል፣ ከዚያ ማዋሐድ ሌላ ሥራ ነው።

የመግቢያ ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «አዲስ ዘመን በኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅት በአዲስ አበባ የሚታተም የአማርኛ ዕለታዊ ጋዜጣ ነው። የመጀመሪያው እትም ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. (ጁን 7 ቀን 1941 እ.ኤ.አ.) ወጣ።» ሁለቱም አቆጣጠር፣ እያንዳንዱ ከነምልክቱ። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ያልተጻፈበት ዓመት ገጹ ላይ አንድም አይኑር።

ፊደል_ለቃሚ፦

በአጭሩ። ርዕሱን ከጋዜጣው ራስጌ ላይ እንደታተመው ጻፉ፣ ከዚያ ለሌሎቹ አጻጻፎች መላኪያ ገጽ (ፈላጊውን ወደ ዋናው ገጽ የሚወስድ) ክፈቱ። «አእምሮ» እና «አዕምሮ»፣ «ሰንደቅ ዓላማችን» እና «ሰንደቅ አላማችን»፣ «ብርሃንና ሰላም» እና «ብርሃን እና ሰላም»። ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን አንድ ያደርጋል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ያላገኘ ሰው ሁለተኛ ገጽ ይከፍታል።

ስም የሚጋሩትን ለዩ። ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመ ማተሚያ ቤትም፣ በ1917 ዓ.ም. የተጀመረ ጋዜጣም ነው፤ ሁለት ገጽ ይፈልጋሉ፣ ጋዜጣው «(ጋዜጣ)» ይባልበት። በ1933 ዓ.ም. የወጣው ሰንደቅ ዓላማችንና በኋለኛው ዘመን የወጣው የግል ሳምንታዊ ሰንደቅም አይዛመዱም።

ከቆዩ የኮምፒውተር ፋይሎች ስትቀዱ የሚወጣው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ከሆነ ፋይሉ የተበላሸ አይምሰላችሁ። ዩኒኮድ (ለየፊደሉ አንድ ወጥ ኮድ የሚሰጠው ሥርዓት) ከመለመዱ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ናቸው፤ ሥዕሉ አማርኛ ነው፣ ከሥሩ ያለው ኮድ አይደለም። ገጹን እንደ ሥዕል አውጥታችሁ በቴሰራክት (ከሥዕል ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም፤ የአማርኛ ሞዴል አለው) ወይም በጉግል ድራይቭ አስነብቡት። ሉን ሊ፣ ሱን ሲ ብሎ የሚያነብበት ጊዜ ስላለ የሰው ስምና ቁጥር በዓይን ይታረም።

በውጭ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ስትፈልጉ ደግሞ በለመድነው የላቲን አጻጻፍ ብዙ አይገኝም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የግዕዙን (የመጀመሪያውን ረድፍ፣ እንደ «ዘ» ያለውን) ድምፅ የሚጽፈው በላቲኑ «ኤ» (a) ፊደል ነው፤ «ዘመን» እዚያ «ዛማን» መስሎ ነው የሚታየው። በሁለቱም ሞክሩ።

የደሴዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዲስ ዘመን፣ ብርሃንና ሰላም እና በኩር ብለን ወሰንን። ሁለት ነገር ልጨምር። አንዳንዶቻችን የመመረቂያ ጥናት ለማስረጃነት አይበቃም ይላሉ። የፊት ገጽ ፎቶስ ማስገባት ይቻላል?

ገጽ_ሁለት፦

ጥናቱ በቃለ መጠይቅ ወይም በሰነድ ላይ ተመሥርቶ የጋዜጣውን ታሪክ ሲጽፍ ለዝርዝር ጉዳይ ይበቃል። አጥኚው የዚያው ጋዜጣ ባልደረባ ከሆነ ግን እንደ ጋዜጣው የራሱ ቃል ቁጠሩት። ብዙውን ጊዜ ምስጋናው ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ።

ፎቶውን ተዉት። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በፈረንጁ 2004) ጥበቃው የደራሲው ዕድሜና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ነው። ፊት ገጽ ላይ የብዙ ሰው ሥራ አለ። በተራ ፊደል የተጻፈ የጋዜጣ ስም ብቻ ከሆነ ኮመንስ (የውክፔዲያ ሥዕሎች ማከማቻ) ላይ እንደ ጽሑፍ አርማ ሊያልፍ ይችላል፤ ሥዕል ከታከለበት አይሞከርም።

አንድ ያልጠየቅሽው፦ ስለ ቆመ ጋዜጣ ስትጽፉ «ተዘጋ» የምትለዋን ቃል ተጠንቀቋት። ታገደ፣ ፈቃዱ ተሰረዘ፣ ኅትመት አቋረጠ፣ አሳታሚው ራሱ አቆመ፤ አራቱ የተለያየ ነገር ናቸው። አዲስ ነገር በኅዳር 2002 ዓ.ም. የቆመው አዘጋጆቹ ክስ እየተዘጋጀብን ነው ብለው በራሳቸው ውሳኔ ነው። «ተዘጋ» ቢባል አንባቢ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይመስለዋል። ምንጩ ያለውን ግስ ውሰዱ። ምንም ምንጭ ከሌለ «ያገኘነው የመጨረሻ እትም» ከነቀኑ ውይይት ገጹ ላይ ይቀመጥ።

ፊደል_ለቃሚ፦

@ዘመነ_ዮሐንስ ስምህ ራሱ የሚያስታውስህን ዘለልከው! የደንብህ ቀን በዘመነ ዮሐንስ አይሠራም።

ዘመነ_ዮሐንስ፦

ተያዝኩ፣ ልክ ነህ። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ያለ ቀሪ ከተካፈለ (1952፣ 1984፣ 2016) ያለፈው ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። እስከ ፌብሩዋሪ 29፣ ማለትም እስከ የካቲት 21 ድረስ፣ ሁሉም ቀን አንድ ይገፋል፤ ሰባት የሚደመረውም እስከ ታኅሣሥ 21 ብቻ ነው። ምሳሌ፦ ታኅሣሥ 5 ቀን 1952 በተለመደው ስሌት ዲሴምበር 14 ሰኞ ይመስላል፤ ትክክለኛው ግን ዲሴምበር 15 ቀን 1959፣ ማክሰኞ ነው። የካቲት 22 ላይ ወደ ቦታው ይመለሳል። የደሴዋ፣ ቀን አመሳካሪዎቹ ሦስቱ ይህችን በወረቀት ይያዙት፤ የአዲስ ዘመንና የብርሃንና ሰላም ቀኖች 1933 እና 1917 ስለሆኑ አይነካቸውም፣ ወደ ሌሎቹ እትሞች ስትሄዱ ግን በየአራት ዓመቱ ይገጥማችኋል።